ሙሽሪት ግንባር ላይ ስልክ ቁጥር

ጥምቀት ካለፈ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ መንዝ ውስጥ ድንኳን ያልተተከለበት መንደር ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ገብሱ ገብቷል፤ ጠላው ተጠምቋል፤ አረቄው ወጥቷል፤ በጉም ቀኑን የነገሩት ይመስል ከሰው ዓይን መሸሽ ጀምሯል። ሠርጉ ተበልቶና ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥበቃ ይመጣል፤ የፎቶ ጥበቃ። አዲስ አበባ ያለችው አክስት፣ ዓረብ አገር ያለችው እህት፣ አሜሪካ ያለው አጎት፣ ሁሉም ስልኩን እያየ “ፎቶው አልመጣም?” ይላል።

ይመጣል። ሲከፈት ግን ቀድማ የምትታየው ሙሽሪት አይደለችም። ከግንባሯ ተነሥቶ፣ አፍንጫዋን አቋርጦ፣ ሚዜዋ ትከሻ ላይ የሚያርፍ ጽሑፍ አለ፤ “እንትና ፎቶና ቪዲዮ፤ ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለልደት፣ ለክርስትና፤ ጥራት መለያችን ነው።” ከሥሩ ስልክ ቁጥር። ከስልክ ቁጥሩ ሥር ሁለተኛ ስልክ ቁጥር፤ ምናልባት የመጀመሪያው ኔትወርክ ቢያጣ።

አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን የልጅ ልጃቸውን የሠርግ ፎቶ በስልክ ሲያሳዩዋቸው ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉና፣ “እኛስ በዘመናችን ግንባራችን ላይ መስቀል ነበር የተነቀስነው። እናንተ ቁጥር ጀመራችሁ?” አሉ።

ዋተርማርክ ይሉታል ፎቶ አንሺዎቹ። ደንበኛው “ሎጎ” ነው የሚለው፤ “ሎጎውን አጥፋልኝ” ማለት ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ ፎቶ ቤት ደጃፍ ላይ የሚሰማ ልመና ነው። ፎቶ አንሺው አያጠፋም። ደንበኛው ያኮርፋል። ተያይዘው ሽማግሌ ፊት ሊቀርቡ ምንም አይቀራቸውም።

የነገሩን ጥግ ያየሁት ግን ሠርግ ቤት ሳይሆን ለቅሶ ቤት ነው። አንድ የተከበሩ አባት ዐረፉ። በአገራችን ወግ የሟች ፎቶ ከፍ ተደርጎ ካልተያዘ ለቅሶው አይደምቅም። እሳቸው ደግሞ ካሜራ የማይወዱ ሰው ነበሩ። ለቀበሌ መታወቂያ ከተነሡት ጉርድ ፎቶ ሌላ ያላቸው አንድ ብቻ ነው፤ የልጅ ልጃቸው ሠርግ ላይ በርኖሳቸውን ደርበው የተነሡት። ጎረምሳው የልጅ ልጅ ሌሊቱን ያንን ፎቶ ከስልኩ አወጣ፤ ከሙሽሮቹ መሐል ቆርጦ ለያቸው፤ ማለዳ ማተሚያ ቤት ወስዶ አሳድጎ በፍሬም አስገባው። ቸኩሏል፤ አዝኗልም፤ በርኖሱ ደረት ላይ ምን እንደተጻፈ ማን ልብ ይለዋል?

ሴት ልጃቸው ፎቶውን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አንሥታ ትዞራለች። አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች። ሕዝቡ ደረት ይመታል። ከበርኖሱ ላይ ደግሞ በወርቃማ ቀለም፣ በሚገባ እንዲነበብ ጥላ ተሰጥቶት፣ “ደስታዎን ከእኛ ጋር ያድርጉ፤ ይደውሉልን” የሚል ጽሑፍ ከነስልኩ ይዞራል።

ከሞላሌ በኩል የመጡ አንድ እንግዳ ቁጥሩን የቀብር አስተባባሪው መሰላቸው። መኪናቸውን የት እንደሚያቆሙ ሊጠይቁ ፈልገው ደወሉ። ፎቶ አንሺው እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ከዕድርተኞቹ ጋር አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ የሰፈር ልጅ ነው፣ ለቅሶ መቅረት አይችልም። ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ በሠርግ ዘፈን ጮኸ። ሊያጠፋው ሲጣደፍ ከእጁ አመለጠውና ሣሩ ላይ ወድቆ እየዘፈነ ቀረ። ሁሉም ዞር አለ። በዚያ ጸጥታ መሐል የሟች ታላቅ እህት ቀና ብለው ፎቶውን አዩ፤ ልጁን አዩ፤ ነገሩ ገባቸው። “አይ ወንድሜ!” አሉ እያለቀሱ፤ “ድሮስ ሰው ሳትጠቅም ውለህ ታውቅ ነበር? ይኸው ሞተህም ለሰው ልጅ ገበያ ትጠራለህ!”

ከቀብር መልስ ፎቶ አንሺውን ልጅ ያዝኩት። “አንተ ልጅ፣ ምን ጉድ ነው ይሄ?” አልኩት።

“ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ? እሱኮ የማሳያው ነው።”

“የምን ማሳያ?”

“ሠርጉ ጊዜ ቀብድ ሰጡኝ፤ ቀሪውን ፎቶው ሲደርስ እንከፍላለን አሉ። መርጠው እንዲነግሩኝ ሎጎ ያለበትን በቴሌግራም ላክሁላቸው። በዚያው ቀሩ። ለአሜሪካም ለዱባይም እሱን ላኩት፤ ለአልበም የሚሆነውን ንጹሑን ኑና ውሰዱ ብላቸው የሚመጣ የለም። ሎጎ ባላደርግበት ደግሞ ቀብዱንም አላገኛትም ነበር።”

ይህን ሲለኝ የያዝኩት ቁጣ ግማሹ በረደ። የልጁ ሥራ እኮ ቀላል አይደለም። በሌሊት ተነሥቶ ሙሽራው ቤት ይደርሳል፤ ከዚያ በሞተር ሳይክል ወይ በእግሩ ገደሉን ወርዶ ሙሽሪት ቤት። ሰው ሲበላ ያነሣል፤ ሰው ሲጨፍር ያነሣል፤ እሱ የሚበላው መብራቱ ጠፍቶ ሁሉ ሲያንቀላፋ ከድስቱ ሥር የቀረውን ነው። ከዚያ ደግሞ መብራት ሲመጣ ጠብቆ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል። ስንት መቶ ፎቶ አይቶ፣ ዓይኑን የጨፈነውን ጥሎ፣ ጉርሻ አፉ ውስጥ እያለ የተነሣውን አጎት ደብቆ። ካሜራው ዕቃ ነው፣ በዶላር የተገዛ። ለበጉ የተጠየቀውን ሳያቅማማ የቆጠረ የሙሽራ አባት ግን ለፎቶው ሲሆን፣ “ምን ወጣበት? ቁልፍ ነው የተጫንከው” ይላል። ቁልፍ መጫን በነጻ ከሆነማ የባንክ ገንዘብ ከፋይም የሚጫነው ቁልፍ ነው።

ድሮ ይህ ጣጣ አልነበረም። ለምን አልነበረም? ኔጌቲቩ ፎቶ ቤቱ ዘንድ ስለሚቀር። ደንበኛው ሁለት ፎቶ ታጥቦለት ይሄዳል፤ ሦስተኛ ቢያምረው፣ ዘመድ “ለእኔም አንድ” ቢለው፣ ተመልሶ የሚመጣው እዚያው ቤት ነው። ከፎቶው ጀርባ ማኅተም አለ፤ የፎቶ ቤቱ ስም፣ አንዳንዴም የኔጌቲቩ ቁጥር በእስክሪብቶ። ያቺን ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው ፎቶውን ያገኛል። እና ማን ይቀማል? ምን ብሎስ ይቀማል? ፎቶ አንሺው ስሙን ፊት ላይ የሚጽፍበት ምክንያት አልነበረውም።

በድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሐይጋዝና ቶርኮም፣ ቶኒ የሚሉት፣ ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቀውበታል። ንጉሠ ነገሥቱ ደረት ላይ፣ ከኒሻኖቹ መሐል “ቦያጂያን ፎቶ፤ ይደውሉ” የሚል ጽሑፍ ብታዩ ምን ትሉ ነበር? እኔ ያየኋቸው የዚያ ዘመን ሥራዎች ላይ ስም ካለም ዝቅ ብሎ፣ ከፎቶው ሥር ወይም ጥግ ላይ ነው። ዝና ግን አላነሳቸውም።

የሰፈር ፎቶ ቤቶችም እንደዚያው ነበሩ። ያ ከግድግዳው ላይ የተሣለው ትዕይንት ትዝ ይላችኋል? በመንዝ ብርድ በርኖስ ተከናንቦ የመጣ ገበሬ፣ የዘንባባ ዛፍና የባሕር ዳርቻ የተሣለበት ግድግዳ ፊት ቆሞ ሲነሣ! ከሦስት ሺሕ ሜትር ከፍታ በላይ ያለ አገር ላይ ቆሞ ባሕር ዳርቻ። ይህም ሁሉ ሆኖ ከፊቱ ላይ አንድም ፊደል አልነበረም። “ለማይረሳኝ ወዳጄ” የሚለው ከጀርባ ነው የሚጻፈው፤ ማኅተሙም ከጀርባ። ፊት ለፊቱ የባለቤቱ ነበር። እነዚህን ዓይነት የቤተሰብ ፎቶዎች ከየአልበሙ ያሰባሰበው “ቪንቴጅ አዲስ አበባ” የተባለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ ሰው የተሻማው ለዚህ ይመስለኛል፤ ፊቶቹ ንጹሕ ናቸው።

ዲጂታል መጣና ኔጌቲቩ ጠፋ። ለደንበኛው የሚላከው ፋይል ራሱ ዋናው ሆነ፤ አንዴ ከእጅ ከወጣ ወጣ፣ ዱባይ ገብቶ፣ ዋሽንግተን አድሮ፣ ፌስቡክ ላይ ይውላል። ልጁ ሙሽሪት ግንባር ላይ የጻፈው ስልክ ቁጥር እንግዲህ የጠፋው ኔጌቲቭ ምትክ ነው። ከዚህ ወገን ሳየው አልፈርድበትም።

ሕጉስ ምን ይላል ካላችሁ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶ አንሺውን ረስቶ አላለፈውም። ፎቶግራፍ በስብስብ ውስጥ ካለ፣ ወይም በመጽሐፍ ከወጣ፣ ወይም የአንሺው አለዚያም የወኪሉ ስምና አድራሻ ካለበት ጥበቃ አለው ይላል። የጥበቃው ዘመንም ፎቶው ከተነሣ ጀምሮ 25 ዓመት ነው፤ የዘንድሮዋ ሙሽራ ልጇን ለመዳር ሽር ጉድ ስትል ያልቃል ማለት ነው። ስለዚህ ልጁ ስሙንና አድራሻውን መጻፉ ትምክሕት ብቻ አይደለም፤ ሕግም ከኋላው አለ። ልብ በሉ ግን፤ ሕጉ ስምና አድራሻ ይኑርበት አለ እንጂ አፍንጫ ላይ ይሁን አላለም።

ሌላም ሕግ አለ፤ እሱ ደግሞ ከሙሽሪት ጎን የቆመ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይለጠፍም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም ይላል። ፎቶ አንሺው በሙሽሪት ፊት ላይ “ጥራት መለያችን ነው” ብሎ ጽፎ በራሱ የቴሌግራም ቻናልና በሱቁ በር ላይ ሲለጥፋት ማን ፈቀደለት? ቀብድ መቀበል ፈቃድ መቀበል አይደለም። አንዷ ሙሽራ የባሏን ቤት ሳትለምድ የፎቶ ቤት በር ላይ ማስታወቂያ ሆና ራሷን ስታገኝ የሚሰማትን እሷው ታውቀዋለች።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያየ ሰው ለዚህ ክርክር ባዳ አይሆንም። ከእመቤታችን እግር ሥር ግንባሩን ምድር አስነክቶ የተሣለ ሰው አይታችሁ ይሆናል፤ ስሙም ከጎኑ አለ፤ እገሌ በአንቺ ተማጸነ ተብሎ። እሱ ሠዓሊው አይደለም። ያሣለው፣ ገንዘቡን የከፈለው ነው። ሠዓሊው አብዛኛውን ጊዜ ስም የለውም። ጣና ሐይቅ ደጋ እስጢፋኖስ ያለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ባይገኝ ኖሮ በዘመነ ዘርዓ ያዕቆብ የነበረውን ፍሬ ጽዮንን ዛሬ ማን ያውቀው ነበር? ስም መጻፍ ይጠቅማል፤ ያቺ አንዲት ጽሑፍ ሰውየውን ከመረሳት አዳነችው። ከእኛው ሰሜን ሸዋ፣ ከአንኮበር የወጣው አፈወርቅ ተክሌም ሥራዎቹ ላይ ይፈርም ነበር። ፊርማ ግን ፊርማ ነው። የሥዕሉ ጥግ ላይ ሥራው የማን እንደሆነ ይናገራል፤ ተመልካቹን ደውልልኝ ብሎ እጁን አይጎትተውም።

በብራናው ዓለም ደግሞ የባሰ ነገር አለ። የድሮ መጻሕፍት ላይ ያስጻፈው ሰው ስም ተፍቆ፣ በኋላ መጽሐፉ በእጁ የገባው ሰው የራሱን ስም በላዩ የጻፈባቸው ብዙ ናቸው። አያቶቻችን በቢላ የፋቁትን እኛ በስልክ እንፍቃለን። ሎጎ ማጥፋት ምን ከባድ ነገር ነው ዛሬ? የጉግል ተመራማሪዎች ገና እ.ኤ.አ. በ2017 ተመሳሳይ ምልክት ያለባቸውን ብዙ ፎቶዎች ለኮምፒዩተር ሰጥተው ምልክቱን ራሱ ለይቶ እንዲያነሳው አድርገው አሳይተዋል። አሁን ይህን በኪሱ የያዘ ጎረምሳ በየካፌው አለ። ችግሩ፣ የእኛ ሰፈር ጎረምሳ ሎጎውን ሲያጠፋ ስልኩ ከሥሩ የነበረውን ከየት ያምጣው? ከራሱ ይፈጥራል። አንዲት ሙሽራ እጇን ዘርግታ ቀለበት ስትቀበል ስድስት ጣት ወጥቶላት አይቻለሁ። አማቷ ፎቶውን አተኩረው ካዩ በኋላ ለአማላጆቹ፣ “ይሄን ሳትነግሩን ነው የዳራችሁልን?” ማለታቸውን ሰምቻለሁ፤ እውነት ይሁን ቀልድ የነገረኝ ይወቀው።

ጌቲ ኢሜጅስ የሚባለው የዓለም ትልቅ ፎቶ ሻጭ እ.ኤ.አ. በ2023 በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥዕል የሚፈጥረውን ኩባንያ ስታቢሊቲ ኤአይን ፍርድ ቤት ሲያቆም ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ያስቃል። ኮምፒዩተሩ ራሱ ፈጠርኩት ባለው ሥዕል ላይ የተንሻፈፈ የጌቲ ምልክት ተገኘ። በግ ሰርቆ ከነጆሮ ምልክቱ ለባለቤቱ ገበያ ማቅረብ ማለት ይህ ነው። የምልክቱ ጥቅም በዚህ ታየ ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ እውነት ነው። ግን ጌቲም ቢሆን ያንን ምልክት የሚያደርገው ገና ባልተሸጠው ላይ ነው። የከፈለ ሰው ንጹሑን ይወስዳል። የእኛ አገር ብዙው ፎቶ አንሺ የመጀመሪያውን ትምህርት ወስዶ ሁለተኛውን ደጁ ላይ ጥሎት ሄደ።

እስቲ ወደ ጓሳ እንውጣ። መንዜ ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረው የጓሳ ሣር ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያነሱ ከባሕር ማዶ ሳይቀር ፎቶ አንሺ ይመጣል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሰውየው በደረቱ ተኝቶ ይጠብቃል። ፎቶው በመጽሔት ሲወጣ የአንሺው ስም ገጹ ጠርዝ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ነው። የጭላዳው ቀይ ደረት ላይ ማንም ስልክ አይጽፍም። ጭላዳ ያገኘውን ክብር ሙሽራ ትጣው?

እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው። ገና ያልተከፈለበት ፎቶ ላይ ልጁ ያሻውን ይጻፍ። ከጥግ እስከ ጥግ ያድርገው፤ ከፈለገ የታክስ መለያ ቁጥሩንም ይጨምርበት፤ “ማሳያ፣ ሒሳብ ያልተከፈለበት” ብሎ ቢጽፍማ የሙሽራው አባት ለአሜሪካ ዘመዱ ሊልከው ያፍራል፣ ሎጎ ያላስከፈለውን ቀሪ ሒሳብ እፍረት ያስከፍላል። የተከፈለበት ፎቶ ግን ንጹሕ ይሁን። ስም ያስፈልጋል፤ ሕጉም አንሺውም ይፈልጉታል። ለታተመው ፎቶ ጀርባው አለ። ለአልበሙ የመጨረሻው ገጽ አለ። ለፋይሉ ደግሞ ስምና አድራሻ ፋይሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ ነው፣ አለዚያ ጥራቱም ስሙም መንገድ ላይ ይቀራል። ዓይን የግድ ይየው ከተባለም ከታች ጥግ ላይ፣ ከቀሚሱ ዘርፍ ርቆ፣ በትንሹ። ሥራው ጥሩ ከሆነ ሰው ማን እንዳነሣው ይጠይቃል፤ እንደኛ ባለ አገር የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደሚውል፣ ስልኩ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ከአንድ ቡና በላይ አይፈጅም። ሥራው መጥፎ ከሆነ ደግሞ ስልኩን ሙሽሪት ግንባር ላይ መጻፉ ምን ይጠቅመዋል? ሰው ማንን እንደማይጠራ ነው የሚያውቅበት።

ደንበኛውም እጁ ንጹሕ አይደለም። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ሲያወጣ ለዲኮሩ፣ ለኬኩ፣ ለሜካፑ ምስጋና ያቀርባል፤ ፎቶውን ያነሣውን ልጅ ይረሳል። ልጁ ስሙን በትልቁ መጻፍ የጀመረው ማንም ስሙን ስላልጠራለት ጭምር ነው። አንድ መስመር ጻፉለት፤ እገሌ ነው ያነሣን በሉ። ያ መስመር ከሎጎው ይልቅ ገበያ ያመጣለታል፣ ግንባርም አያበላሽም።

ለመጪው ጥር ሠርግ የምታስቡ ካላችሁ፣ ቀብድ ከመቁጠራችሁ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ላይ ተፈራረሙ፤ ስንት ፎቶ እንደምትወስዱ፣ ስሙ የት እንደሚጻፍ፣ ቻናሉ ላይ እንዲለጥፋችሁ ትፈቅዱ እንደሆነ። ሽማግሌ አያስፈልገውም፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ቀሪውን ሒሳብ ግን ክፈሉት።